«የት ነበር?»፦ የቅርስና የሙዚየም ጉብኝት ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የዘንድሮው የመጀመሪያ ጉዟችን ጥቅምት ላይ ነበር። 42 ተማሪዎች፣ ሦስት መምህራን፣ አንድ አውቶቡስ። በአንድ ቅዳሜ ሦስት ቦታ ለማዳረስ አቀድን። አዳረስንም። ማታ ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ተነሥቼ «እሺ፣ ዛሬ ምን አያችሁ?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከኋላ ወንበር አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ «ብዙ ነገር፣ ቲቸር» አለች። «ከብዙው አንዱን ንገሪኝ» ስላት ስልኳን አውጥታ ፎቶ መፈለግ ጀመረች።

ልጅቷን አልወቀስኳትም። ቀኑን ሙሉ «ቶሎ ቶሎ፣ ገና ሌላ ቦታ አለብን» እያልኩ ያሯሯጥኳቸው እኔ ነኝ። ነገሩ ከነከነኝ። እነዚህ ልጆች አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ ናቸው። አምስት ኪሎን፣ ስድስት ኪሎን፣ ፒያሳን በየጊዜው በታክሲ ያልፉባቸዋል። ብዙዎቹ ግን ከነዚያ በሮች በአንዱም ገብተው አያውቁም ነበር። በስንት ጊዜያቸው ስናስገባቸው ደግሞ ያው በታክሲ መስኮት እንደሚያዩት አድርገን አሳለፍናቸው።

ሰኞ ጉዳዩን ለተማሪዎቹ አቀረብኩት። አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ «ለምን በአንድ ቀን አንድ ቦታ ብቻ አንሄድም?» አለ። አንዷ ቀበል አድርጋ «ቦታውም አንድ፣ ዕቃውም አንድ» አለች። የዓመቱ ደንባችን የወጣው ያኔ ነው።

ደንቡ ቀላል ነው። ስልክ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ደብተርና እርሳስ ይወጣል። መጀመሪያ ሁሉም ብቻውን እየዞረ ልቡን የሳበውን አንድ ዕቃ ይመርጣል። ከዚያ ዕቃው ፊት ለ20 ደቂቃ ይቆማል፤ ይሥላል፤ የመጣለትን ጥያቄ ይጽፋል። መግለጫውን የሚያነበው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ያዝ ያደረግኩት አውቄ ነው። መግለጫውን አስቀድሞ ያነበበ ልጅ ዕቃውን ያወቀው ይመስለዋል፤ ዓይኑም ማየቱን ያቆማል። ሳያነብ 20 ደቂቃ የቆመ ልጅ ግን መግለጫውን እንደ ተራበ ሰው ነው የሚያነበው። አስጎብኚውንም የሚጠይቀው ነገር አያጣም።

ኅዳር ላይ አምስት ኪሎ ወዳለው ብሔራዊ ሙዚየም ሄድን። ወሩን የመረጥነው ለድንቅነሽ፣ ሉሲ ለምትባለው ጥንታዊ አጽም ብለን ነው። እነ ዶናልድ ጆሃንሰን አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ያገኟት ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነበር። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ ተገኝቷል። ቁመቷ አንድ ሜትር ከአሥር ያህል ብቻ መሆኑን ሲሰሙ አንዷ ልጅ እጇን ወገቧ አካባቢ አድርጋ «ታናሽ እህቴን ታክላለች» አለች። በሁለት እግሯ ቆማ ትሄድ እንደነበር ከጉልበቷና ከዳሌዋ አጥንት እንደታወቀም ተነገራቸው። ከዚያ በኋላ ግማሾቹ ጉልበታቸውን እየዳሰሱ ነበር የሚያዳምጡት።

ወዲያው ግን አንድ ነገር ተፈጠረ። ለእይታ የቀረበው ቅጂ እንደሆነ፣ ዋናው አጽም በጥንቃቄ ተቆልፎበት እንደሚቀመጥ ተነገራቸው። የብዙዎቹ ፊት ጠቆረ። አንዱ «ታዲያ ያየነው የውሸት ነው?» አለ። ከልቡ ነበር ያዘነው። መልሱን ለመስጠት አልቸኮልኩም፤ እርስ በርስ እንዲነጋገሩበት ተውኳቸው። አንዷ ልጅ «3.2 ሚሊዮን ዓመት አፈር ውስጥ የቆየ አጥንት በእኛ ትንፋሽና በእኛ መብራት ቢበላሽ ማን ይመልሰዋል?» አለች። ሌላው «ቅጂው የተወሰደው ከእሷው ነው፤ እያንዳንዱ ስብራት የእሷ ነው» አለ። የተቀየመው ልጅ ትንሽ አሰበና «እሺ፣ ዋናዋ አሁን የት ናት? እዚህ ከመምጣቷ በፊትስ የት ነበረች?» ብሎ ጠየቀ። አንተዬ፣ ይህ ጥያቄ ዓመቱን ሙሉ አብሮን ዞረ። ደብተር ላይ «የት ነበር?» የሚል ዓምድ ጨመርን። ከዚያ በኋላ ያየነውን ዕቃ ሁሉ በዚህ ጥያቄ ነው ያየነው።

ከድንቅነሽ አካባቢ ሳንርቅ ሰላምን አገኘናት። ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የመሩት ቡድን ዲኪቃ ላይ ያገኛት ሕፃን ናት። ስትሞት የሦስት ዓመት ልጅ ገደማ ነበረች። አጥንቷ ከአሸዋ ድንጋይ ጋር ተጣብቆ ስለነበር አላቅቆ ለማውጣት ዓመታት ፈጅቷል። ጥርስ ሐኪም በሚጠቀምበት ዓይነት መሣሪያ፣ ቅንጣት በቅንጣት። ብዙ ሰው «የሉሲ ልጅ» ይላታል። አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ ግን የሁለቱን ዕድሜ ደብተሯ ላይ ጎን ለጎን ጻፈች፤ ድንቅነሽ 3.2፣ ሰላም 3.3 ሚሊዮን። ቀና አለችና «ቲቸር፣ ልጅቷ ከእናቷ ትበልጣለች እኮ!» አለች። ሁላችንም ሳቅን። ሒሳቡ ልክ ነበር። ልጆቹ ከዚህ በኋላ በቅጽል ስም አልጠሯትም። ሰላም ናት፤ በቃ።

በዚያው ቀን አንድ ዝምተኛ ልጅ የአፄ ኃይለ ሥላሴን ትልቁን የእንጨት ዙፋን መርጦ ሲሥል ዋለ። ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፦ «የቀረጸው አናጢ ማን ነው?» የንጉሡን ስም ሁላችንም እናውቃለን። ያ ልጅ ግን ሲያይ የዋለው የጠራቢውን እጅ ነው። ሥዕሉ በዚህ መጽሔት የኋላ ሽፋን ላይ አለ፤ እባካችሁ ሳታዩት አትለፉ።

ታኅሣሥ ላይ አልቀናንም። የሄድንበት ቦታ የትብብር ደብዳቤያችን ማኅተም ስለሌለው አላስገባንም አለ። ለመንን፤ አልሆነም። ደጅ ላይ 40 ልጅ ይዤ ቆምኩ። ጠዋቱ ብርድ ነበር። ሁለት ልጆች ሊያለቅሱ ደርሰዋል። አንድ የክበቡ አባል «ትኬት የማይጠየቅበት ቦታ እንሂድ» አለ። በእግራችን ወደ ፒያሳ፣ ወደ ምኒልክ አደባባይ አዘገምን።

ከዓመቱ ጉዞዎች ሁሉ እኔ በጣም የምወደው ይህን ያልታቀደውን ነው። የአፄ ምኒልክ ሐውልት ልጆቹ ስንት ጊዜ ያለፉት ነው! ቆሞ ያየው ግን አልነበረም። ፈረሱ እንዴት ነው የቆመው ብዬ ጠየቅኳቸው፤ ዞር ብለው ሳያዩ የመለሰ የለም። ከዚያ «የት ነበር?» መጣ። ሐውልቱ በ1923 ዓ.ም.፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ ተመረቀ። ፋሺስት ኢጣሊያ አዲስ አበባን ሲይዝ በሌሊት ነቅሎ ቀበረው። ከነፃነት በኋላ ከተቀበረበት ወጥቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። ልጆቹ አፋቸውን ይዘው ሰሙኝ። «ሐውልት ይቀበራል?» አለ አንዱ። የለገሃሩ የይሁዳ አንበሳስ? እሱ ደግሞ ሮም ድረስ ተወስዶ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የተመለሰው። ያን ለማየት በዚያው ቁልቁል ወረድን። እግራቸው ዝሎ ነበር፤ ግን ማንም ታክሲ እንያዝ አላለም።

የካቲት ላይ ስድስት ኪሎ ገባን። ይህን ቦታ ሳያይ ከትምህርት ቤታችን የሚመረቅ ተማሪ ባይኖር ደስ ይለኛል። በአንድ ግቢ ውስጥ ይህን ያህል የአገር ታሪክ የተደራረበበት ቦታ ከተማችን ውስጥ ጥቂት ነው። ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሆነው ሕንፃ የአፄ ኃይለ ሥላሴ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በፋሺስቱ ገዢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ግቢ ነው። ከተማዋ ላይ የወረደው ጭፍጨፋ ከዚያ ተነሣ። በ1953 ዓ.ም. ደግሞ የታኅሣሡ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ፣ ታግተው የነበሩ ባለሥልጣናት የተገደሉት እዚሁ ቤት ውስጥ ነው። ንጉሡ ከዚያ ወዲህ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት።

ከሕንፃው ፊት ለፊት ወደ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። ፋሺስቶች ናቸው የሠሩት። እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሮም ላይ ሥልጣን ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ አንድ አንድ ዓመት ይቆጥራል። ቆጠራው እዚያው ቀረ። ጫፉ ላይ ኢትዮጵያውያን ትንሽ የይሁዳ አንበሳ አኖሩበት። ደረጃውን አላፈረሱትም። አንድ ተማሪ ይህን ሲሰማ «ቢያፈርሱት ኖሮ እኛ አናውቅም ነበር» ብሎ ጻፈ። ከዓመቱ ጽሑፎች አንድ ምረጥ ብባል ይህን ነው የምመርጠው።

ውስጡ የተደራጀበት መንገድም ልጆቹን አስገርሟቸዋል። ዕቃዎቹ በብሔር ወይም በክልል አልተደረደሩም። የሰውን ሕይወት ነው የሚከተሉት፦ ልደትና ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞትና ከሞት በኋላ ያለው። ከየአካባቢው የመጡ ዕቃዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልጆቹ ከየቤታቸው የሰሙትን ማውራት ጀመሩ። አንዱ «የእኛ አያት ይህን እንዲህ ነው የሚሉት» ይላል፣ ሌላዋ ታስተካክለዋለች። ለአንድ ሰዓት ያህል አስጎብኚዎቹ እነሱ ሆኑ። ፎቅ ላይ የንጉሡ መኝታ ቤትና መታጠቢያ እንደነበረ አለ። መስታወቱ ላይ ያለው ቀዳዳ በ1953ቱ ግርግር የተተኮሰ ጥይት ነው ይባላል። እዚያ ጋ ድምፅ የሚባል ጠፋ።

ስንወጣ አደባባዩን ተሻግረን የሰማዕታት ሐውልት ሥር ቆምን። የሠሩት የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎቹ አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች ናቸው። ዙሪያውን የጭፍጨፋው ምስል ተቀርጿል። ሁለት እህትማማቾች ቅድመ አያታቸው በዚያ የካቲት እንደተገደሉ የነገሩን እዚያ ነው። ከዚያ በፊት ለማንም አልተናገሩም ነበር። አበባ አልያዝንም። የክበቡ ሰብሳቢ ከደብተሯ ነጭ ወረቀት ቀድዳ ስማቸውን ጻፈችና ሥሩ አኖረችው።

የቀሩትን ጉዞዎች ባጭሩ ልበል። መጋቢት ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያን አየን። ብዙ ትምህርት ቤቶች በአንድ ቀን ስለመጡ 20 ደቂቃ መቆም አልተቻለም፤ ለከርሞ የሥራ ቀን ጠዋት ይሻላል። ያም ሆኖ እቴጌ ጣይቱ መቀሌ ላይ የጠላትን ምሽግ የውኃ ምንጭ እንዳስያዙ የሰሙት ልጃገረዶች እስከ ትምህርት ቤት ሌላ ወሬ አላወሩም። ሚያዝያ ላይ ፖስታ ሙዚየም ገባን። ትንሽ ቦታ ናት፤ ሰውም አይበዛባትም። ለእኛ ደንብ ግን እንደ እሷ የተመቸ የለም። የአገራችን ፖስታ አገልግሎት በ1886 ዓ.ም. ነው የተጀመረው። የአፄ ምኒልክን መልክ የያዙትን ቴምብሮች በጥፍር ርቀት ተጠግተው ሣሉ። በሕይወታቸው ደብዳቤ ጽፈው የማያውቁ 38 ልጆች በማግስቱ ለቤተሰቦቻቸው ደብዳቤ ላኩ።

ግንቦት ላይ፣ ስማችንን አስቀድመን ልከን፣ አፍሪካ አዳራሽ ገባን። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የተመሠረተው እዚያ ነው። እኔ ግን ልጆቹን የወሰድኳቸው ለአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ነው። ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ነው፤ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ክፍል ይናገራል። ፀሐይዋ ከደመና ስትወጣ ቀለሙ በልጆቹ ፊት ላይ ወረደ። አንዷ ነጭ ደብተሯን ዘርግታ ቀለሙን ወረቀቱ ላይ ተቀበለችው፤ ከዚያ ነው መሣል የጀመረችው።

ሰኔ ላይ ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ የራሳችንን ዐውደ ርዕይ አዘጋጀን። እያንዳንዱ አባል ከቤቱ አንድ ዕቃ አመጣ። መግለጫው ላይ የግድ «የት ነበር?» የሚል መስመር መኖር አለበት። ሬዲዮ መጣ፣ የባቡር ትኬት መጣ፣ የተለበጠ የጋብቻ ፎቶ መጣ። የመጀመሪያው ቀን «ብዙ ነገር» ያለችኝ የ9ኛ ክፍል ልጅ ቁልፍ ይዛ መጣች። ቤቱ ከፈረሰ ቆይቷል። መግለጫው ላይ «የት ነበር? አያቴ ቦርሳ ውስጥ» ብላ ጻፈች። አያቷም መጡ። ቁልፋቸው መስታወት ሥር ተቀምጦ፣ ወላጆች ጎንበስ እያሉ ሲያዩት ሲመለከቱ ቆዩ። ሲሄዱ መልሼ ልሰጣቸው ስል «ይቀመጥ መምህር፤ ለከርሞም ልጆቹ ይዩት» አሉኝ።

ለቀጣዩ ዓመት ልጆቹ ከጭቃና ከጭድ የተገነባውን ዞማ ሙዚየምን፣ እንጦጦ ማርያምን፣ የሳይንስ ሙዚየምን መርጠዋል። ታኅሣሥ ላይ ከደጅ የተመለስንበት ቦታም ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ምዝገባው መስከረም ሁለተኛ ሳምንት ላይ ነው። የትብብር ደብዳቤው ከአሁኑ ማኅተም ተመትቶበት መሳቢያዬ ውስጥ ገብቷል፤ ከቁልፉ አጠገብ።