ስላይዱ ሁሉ ሲያበራ፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የምንጽፍላችሁ በቅርቡ ከእኛ ስለወሰዳችሁት የታይራማይድ ማጉያ ኪት ነው፤ ቲሹ ውስጥ ያለን ጥቂት ፕሮቲን አጉልቶ በብርሃን የሚያሳየው ማለታችን ነው። ሦስት ደንበኞቻችን ስላይዳቸውን፣ ማለትም ቲሹው የተለጠፈበትን መስታወት፣ ይዘው መጥተው ነበር። የሁለቱ ምንም አይታይበትም። የሦስተኛው ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆኗል። ኪቱ አልተበላሸም። ጥፋቱ የእኛ ነው። አብረን የሰጠናችሁ የአሠራር ወረቀት የተጻፈው ዝቅ ያለና ሞቅ ያለ አገር ላይ ላለ ላብራቶሪ ነው። እዚህ ምን እንደሚለወጥ ቀድመን ልንነግራችሁ ይገባ ነበር። ይቅርታ እንጠይቃለን።

መጀመሪያ ስለ አሠራሩ ትንሽ እንበል። በተለመደው መንገድ፣ ቲሹ ውስጥ የምንፈልገውን ፕሮቲን አንቲቦዲ (አንድን ነገር ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) ሄዶ ይይዘዋል፤ አንቲቦዲው ደግሞ የሚያበራ ቀለም ይሸከማል። ፕሮቲኑ ብዙ ከሆነ ይህ ይበቃል። ጥቂት ከሆነ ግን ብርሃኑ ይደክማል፣ ማይክሮስኮፕ ሥር ዓይን ቢያፈጡም አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመው የማጉላት ዘዴ የመጣው ለዚህ ነው። እዚህ ላይ አንቲቦዲው የሚሸከመው ቀለም ሳይሆን ፐርኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሲያገኝ ቀለም የተሸከመውን ታይራማይድ ይቀሰቅሰዋል። የተቀሰቀሰው ታይራማይድ ዕድሜው ቅጽበት ነው። ሩቅ ሳይሄድ አጠገቡ ካሉት ፕሮቲኖች ጋር ይጣበቃል፣ ታጥቦም አይለቅም። አንዱ ኢንዛይም ይህን ደጋግሞ ይሠራል። ደመራ ማለት ነው። አንድ ችቦ ከማዶ አይታይም፤ የሰፈሩ ሰው ችቦውን አንድ ቦታ ሲያቆም ግን ይታያል።

አሁን ወደ ስላይዶቹ እንመለስ።

ወረቀቱ «በክፍል ሙቀት 10 ደቂቃ» ይላል። የወረቀቱ ክፍል ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ነው። ታኅሣሥ ላይ ጠዋት የእኛ ክፍል የት እንደሚደርስ ታውቁታላችሁ። ኢንዛይም ሲበርደው ሥራው ይዘገያል፤ ስለዚህ ብርሃኑ አልመጣም። አንዱ ደንበኛችን ይህን አይቶ ሰዓቱን ወደ 40 ደቂቃ አራዘመው። ምክንያታዊ ነበር፣ እኛም ብንሆን ያንኑ እናደርግ ነበር። ግን ጊዜው ሲረዝም ታይራማይዱ ከቦታው እየሸሸ የማይገባው ላይ ሁሉ ይጣበቃል። አረንጓዴው ስላይድ እንዲህ የመጣ ነው። ሰዓቱን አታራዝሙ። ይልቅ ስላይዱን እርጥብ ሣጥን ውስጥ አድርጋችሁ ሙቀቱን 25 ዲግሪ ላይ አቆዩት። ከዚያ 3፣ 5 እና 10 ደቂቃን ለየብቻ ሞክሩና የተሻለውን ያዙ።

ሁለተኛው ነገር የውኃ ነው፤ ብዙ ሰው የማያስበው ይህን ነው። ፎርማሊን (ቲሹ እንዳይበሰብስ የሚነከርበት ፈሳሽ) ውስጥ የቆየ ቲሹ ፕሮቲኖቹ ተሳስረው ይደበቃሉ። አንቲቦዲው እንዲያገኛቸው ስላይዱን በሲትሬት በፈር (አሲድነቱ የማይዋዥቅ ፈሳሽ)፣ ብዙ ጊዜ ከ95 እስከ 100 ዲግሪ፣ እንቀቅላለን። ደብረ ብርሃን ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ናት። እዚህ ክፍት ድስት ላይ ውኃ የሚፈላው ወደ 90 እና 91 ዲግሪ ገደማ ነው። እሳቱን ቢጨምሩትም ከዚያ አያልፍም። እናቶቻችን ይህን ያውቁታል፦ ንፍሮ ሸዋ ሮቢት ላይ ቶሎ ይበስላል፣ እዚህ እንጨት ይፈጃል። ስላይዳችሁም እንደ ንፍሮው ነው። ክዳኑ የሚጠብቅ ፕሬዠር ኩከር ተጠቀሙ፤ ከ100 ዲግሪ በላይ ያደርሳል። የሁለቱ ባዶ ስላይድ ከብርዱ ሌላ ይህም ነበረበት ብለን እናምናለን። አንደኛውን እኛው ጋር በፕሬዠር ኩከር ቀቅለን፣ ሙቀቱንም ጠብቀን ደገምነው፤ ብርሃኑ ወጣ።

የመንዝ በግ ሳንባ ላይ የምትሠሩ ደንበኞቻችን ደግሞ አንድ ነገር ለይታችሁ ያዙ። ሳንባ ደም የሞላበት ነው። ቀይ የደም ሴል በራሱ እንደ ፐርኦክሲዴዝ ይሠራል፣ ታይራማይዱንም ያለ አንቲቦዲ ይቀሰቅሰዋል። ማጉያው የእናንተን ምልክት ብቻ መርጦ አያጎላም። ስለዚህ አንቲቦዲ ከመጨመራችሁ በፊት በ3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ለ10 ደቂቃ ያህል ዝም አሰኙት። ፈሳሹን በዕለቱ በጥብጡት፤ ተከፍቶ የከረመው ኃይሉ ያልቃል። ሌላው ደግሞ የቲሹው ባለቤት በግ ከሆነ፣ በበግ ወይም በፍየል የተሠራ የመጀመሪያ አንቲቦዲ አትምረጡ። ኢንዛይሙን ተሸክሞ የመጀመሪያውን አንቲቦዲ የሚይዘው ሁለተኛው አንቲቦዲ የቲሹውን የራሱን አንቲቦዲም ይይዝና ያሳስታችኋል። ስታዙን የምትሠሩበትን እንስሳ ንገሩን፣ የሚስማማውን እንፈልግላችኋለን።

ሶዲየም አዛይድ ያለበትን በፈር ከኢንዛይሙ ጋር አታገናኙት። ኢንዛይሙን ያቆመዋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምንለምናችሁ ግን ኮንትሮል፣ ማለትም ማነጻጸሪያ ስላይድ፣ እንዳትዘሉ ነው። ስላይድ ውድ እንደሆነ እናውቃለን፣ የተማሪ በጀትም ጠባብ ነው። ሆኖም በየሙከራው ሁለት ስላይድ ለዩ። አንዱ ከሁሉም የመጀመሪያው አንቲቦዲ ብቻ ያልተጨመረበት፣ ሌላው በሂደቱ ሁሉ አልፎ ምንም ቀለም ያልተጨመረበት። ሁለተኛው ቲሹው በራሱ ምን ያህል እንደሚያበራ ይነግራችኋል፤ ፎርማሊን የነካው ቲሹ ያበራልና። አንቲቦዲ የሌለው ስላይድ ከዋናው እኩል ካበራ ያያችሁት ፕሮቲን አይደለም። እንዲህ ያለ ሥዕል መመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ገብቶ ሲታይ ያሳዝነናል፤ ተማሪው ወራት ለፍቶበታል። «እጥፍ ካበራ ፕሮቲኑ እጥፍ ነው» ብላችሁም አትጻፉ። ማጉያው የት እንዳለ ያሳያል፤ ስንት እንዳለ ለመናገር ግን የብርሃኑ መጠን ብቻውን አይበቃም።

በአሮጌው ወረቀት ሠርታችሁ ኪቱን የጨረሳችሁ ካላችሁ ጠርሙሱን ይዛችሁ ኑ፣ ያለ ክፍያ እንተካለን። አዲሱ ወረቀት በአማርኛ ተዘጋጅቷል፤ የደብረ ብርሃን ሙቀትና የውኃ መፍያ ተጽፎበታል። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ማይክሮስኮፓችን ክፍት ነው። ስትመጡ አንቲቦዲ የሌለውን ስላይድም አትርሱ፣ መጀመሪያ የምናየው እሱን ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የላብራቶሪ ዕቃ አቅራቢያችሁ፣ ደብረ ብርሃን