በባጃጁ ይጀመር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰሞኑን ስለ ኤሌክትሪክ መኪና በየቦታው ይወራል፤ እናንተም ጽፋችኋል። ደግ ነው። ግን ወሬው ሁሉ ስለ ቤት መኪና ነው፣ ያውም የአዲስ አበባ። እኛ ድሬ ውስጥ የምንተነፍሰው ደግሞ የባጃጅ ጭስ ነው። አቦ፣ እስቲ ስለሱም ይወራ።

ከ2016 ዓ.ም አጋማሽ ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ተከልክሏል። እኔ ክልከላውን እደግፋለሁ። የሚመለከተው ግን ገና የሚገባውን እንጂ መንገድ ላይ ያለውን አሮጌ አይደለም። ድሬ ውስጥ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ የሚውለው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የቤት መኪና ጠዋት ሥራ ቦታ ቆሞ ማታ ይመለሳል፤ ባጃጅ ከንጋት እስከ ሌሊት አያርፍም። ስለዚህ ከባጃጅ ቢጀመር ነው የሚያዋጣው።

ፀሐይ በረድ ሲል ቀፊራ ገበያ አጠገብ ቆም ብላችሁ ጭሱን ተመልከቱ፤ ቀለሙ ራሱ ይናገራል። ሰማያዊ ከሆነ ሞተሩ አልቆ ዘይት እያቃጠለ ነው። ከጭነት መኪናና ከአሮጌ ሚኒባስ የሚወጣው ጥቁሩ ደግሞ በደንብ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ ወይ ናፍጣውን የሚረጨው ኖዝል ተበላሽቷል ወይ የአየር ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኗል፣ በድሬ አቧራ ደግሞ ማጣሪያ ቶሎ ነው የሚደፈነው። የደንገጎን ዳገት ሲወጣ ከአንድ እንደዚህ ዓይነት መኪና ኋላ የቀረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፣ ለሱ አልነግረውም። እነዚህ ሁለቱ እንግዲህ የሚታዩት ናቸው። የባሰው የማይታየው ብናኝ ነው፣ ሳንባ ጥግ ድረስ ገብቶ ወደ ደም የሚያልፈው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የዚህ ብናኝ የዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። እስቲ አንድ መለኪያ ቀፊራ ይተከልና ቁጥሩ በየቀኑ ይለጠፍልን።

ሹፌሮቹ ላይ ብቻ አትፍረዱ። ብዙዎቹ ባጃጁ የራሳቸው አይደለም፤ ለባለቤቱ በየቀኑ ገቢ ያስገባሉ። ማደያው ሰልፍ ከሆነ ደግሞ ቀኑ እዚያው ያልቃል፣ ወይም መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን፣ ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቀውን፣ በውድ ገዝቶ መሥራት ነው። እንዲህ እየኖረ ሞተር ይታደስ ብትሉት ከየት ያምጣ? የኤሌክትሪኩ ባጃጅ የሞተር ዘይት የለው፣ ቤንዚን የለው፣ ማታ ቤት ተሰክቶ ያድራል። ችግሩ መግዣው ነው። ባንክ ሄደህ ብድር ስትል የቤት ካርታ አምጣ ትባላለህ፤ ካርታ ያለው ሰው ባጃጅ ይነዳል እንዴ? ባጃጁ ራሱ መያዣ ሆኖ፣ ክፍያው እንደ ገቢው በየቀኑ ቢሆን ብዙ ሹፌር ይገባበታል።

መብራት ይጠፋል የሚል አለ። ይጠፋል፣ ምን ይደበቃል። ግን ቤንዚንም ይጠፋል፤ እሱ ደግሞ በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል ነው የሚመጣው፣ መብራታችን አብዛኛው ከራሳችን ውኃ ነው። እኔን ይልቅ የሚያሳስበኝ የድሬ ሙቀት ነው። ሙቀት ባትሪ ይገድላል፣ በተለይ ርካሹን የአሲድ ባትሪ። አስመጪዎች ርካሽ ነው ብለው እሱን ካራገፉብን በአጭር ጊዜ ሹፌሩ ከስሮ ወደ ቤንዚኑ ይመለሳል፣ "ኤሌክትሪክ አይረባም" የሚል ወሬም ከተማውን ይሞላዋል። ሊቲየሙ ይሻላል፣ እሱም ቢሆን ጥላ ይፈልጋል። ቻርጅ ማድረጊያው እንደ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ባለበት እንጂ ፀሐይ ላይ አይተከል።

ሌላው ባቡሩ ነው። ከ2010 ዓ.ም ጀምሮ መንገደኛ የሚያመላልሰው የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። ከአዲስ አበባ ያለ ጭስ ትመጣለህ። አዲሱ ጣቢያ ግን እንደ ድሮው ለገሃር መሃል ከተማ አይደለም፣ ወጣ ያለ ነው፤ ስትወርድ ሻንጣህን ይዘህ የምትገባው ያው ጭሱ ውስጥ ነው። ባቡሩ ሲገባ ጠብቆ ወደ ከተማ የሚያስገባ አንድ ሁለት የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ማቆም ምን ይከብዳል? ከሳቢያን ከዚራ፣ ከከዚራ ቀፊራም እንዲሁ ሰዓቱን የሚያከብር አውቶቡስ ይኑር። ሰዓቱን ካላከበረ ግን ይቅር፣ ማንም ፀሐይ ላይ ቆሞ አይጠብቀውም።

አንድ ነገር ልጨምር። አሮጌው ባጃጅ በአዲስ ሲቀየር ለጎረቤት ከተማ አይሸጥ። ድሬ የሸጠችውን አወዳይ ያጨሰዋል ማለት ነው፣ ጭሱ አልቀነሰም። አሮጌውን አስረክቦ ሰሌዳውን ለመለሰ ሰው ከአዲሱ ዋጋ ላይ ይቀነስለት፤ አሮጌው ለብረት ይቀልጥ። ቦሎ ሲታደስም ጭሱ በመሣሪያ ተለክቶ ውጤቱ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ።

ከድሬዳዋ፣ የሳቢያን ነዋሪ