ሪሞቱን ለመምህሩ ስጡት

ክቡር የዝግጅት ክፍል፣

ስለ ታብሌትና ስለ ስማርት ክፍሎች የምታወጧቸውን ጽሑፎች እከታተላለሁ። አብዛኞቹ ጸሐፊዎች ቴክኖሎጂ ክፍል ውስጥ የሚገባው ገና አሁን ይመስላቸዋል። ለእኛ ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን ግን ነገሩ አዲስ አይደለም። በፕላዝማ ዘመን ያስተማርን ሰዎች ገና ጡረታ አልወጣንም።

ለወጣት አንባቢዎች ላስረዳ። ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ትልልቅ የፕላዝማ ቴሌቪዥኖች ገቡ። ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ባዮሎጂውም በሳተላይት ይመጣል። መምህሩ ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፣ ከዚያ አብዛኛውን ክፍለ ጊዜ ቴሌቪዥኑ ያስተምራል፣ መምህሩ ደግሞ በተረፈችው ደቂቃ ያጠቃልላል።

ጥቅም አልነበረውም ማለት ግፍ ነው። ቤተ ሙከራ አይቶ የማያውቅ የገጠር ልጅ ልብ እንዴት ደም እንደምትረጭ በዓይኑ አየ። እኔ በጠመኔ እየሣልኩ ግማሽ ክፍለ ጊዜ የሚፈጅብኝን የሞገድ እንቅስቃሴ ፕላዝማው በአንድ ደቂቃ ያሳየው ነበር።

ግን ማንንም አይጠብቅም። በእንግሊዝኛ ጥያቄ ያቀርብና «አሁን እናንተ ሥሩት» ይላል። ልጆቹ ጥያቄውን ገልብጠው ሳይጨርሱ መልሱ ይመጣል። ከዚያ «ቬሪ ጉድ!» ብሎ ያመሰግናል፤ ማንን እንደሆነ እንጃ። አንደኛ ደረጃን በአብዛኛው በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተማረ ልጅ በዚያ ፍጥነትና በዚያ የአነጋገር ቅላፄ ምን ሊይዝ ይችላል? እጁን ቢያወጣ የሚያየው የለም። እኔ ላስረዳው ብሞክር የሚቀጥለው ነገር ያልፈናል። መብራት ከሄደ ደግሞ ትምህርቱም አብሮ ሄደ። ተማሪዎቹ «ዲጄ» ይሉን ነበር፣ ሥራችን ማብራትና ማጥፋት ስለሆነ። ቀልድ ነው፣ ግን ያማል።

እንግዲህ ምስሉ ጥሩ ነበር፣ መሣሪያውም ጥሩ ነበር። መምህሩ ማቆም አለመቻሉ ነው ያበላሸው። ዛሬ ስለ ታብሌትና ስለ ስማርት ቦርድ ሲወራ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ይኼንኑ ነው፦ ማቆሚያው በማን እጅ ነው?

ማቆሚያው በመምህሩ እጅ ሲሆን ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጃቸው ፌት የተባሉ ነፃ የሳይንስ ማሳያዎች አሉ። አንዴ ካወረዳችኋቸው ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። በላፕቶፕና በፕሮጀክተር ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል አሳያለሁ። ሁለት አምፖሎች ጎን ለጎን በየራሳቸው መስመር በርተዋል። «በተመሳሳይ መንገድ ሦስተኛ ብጨምር የነበሩት ይደበዝዛሉ?» እላለሁ። እዚህ ላይ አቆመዋለሁ። ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል፣ ይጨቃጨቃል፣ ዝም የሚሉት ልጆች ሳይቀሩ ይናገራሉ። ከዚያ እጨምራለሁ። ብርሃናቸው አይቀንስም! ወዲያው «ለምን?» ይመጣል። በአንድ መስመር ተከታትለው ሲሆኑ ግን ይደበዝዛሉ፣ ይኼንንም ያዩታል። በመሃል መብራት ቢሄድ እንኳ ክርክሩ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ይቀጥላል።

የተማሪው ሞባይል ሌላ ጉዳይ ነው። የቤት ሥራ ስሰጥ ከክፍሉ ግማሹ አንድ ዓይነት መልስ ያመጣል፣ ቃል በቃል። አንዱ ከቻትጂፒቲ አውጥቶ ቴሌግራም ላይ ይለቀዋል፣ ሌላው ይገለብጣል። በእጁ የጻፈውን አንብብ ስለው ይንተባተባል። የድሮው ኩረጃ ቢያንስ ጎበዝ ጓደኛ ይፈልግ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር መጽሐፍ በወቅቱ ባልደረሰበት ሁሉ «ሶፍት ኮፒው አለ» ተባለ። አለ፤ ለማን? አንድ ስማርት ስልክ ያለው ቤተሰብ ልጅ አባቱ ስልኩን ይዞ ገበያ ሲወጣ መጽሐፉም አብሮ ገበያ ይወጣል። ስዊድን እኮ የመሣሪያ ችግር የለባትም፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ግን መንግሥቷ ወደ ታተመ መጽሐፍ እንመለስ ብሎ በጀት መደበ። እኛ መጽሐፉን ሳናዳርስ ስለ ስክሪን እናወራለን።

ይኼን የምለው ኮምፒውተር ይቅር ለማለት እንዳይመስላችሁ። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኦንላይን ተሰጥቷል፣ አካሄዱም ወደዚያው ነው። ማውስ ይዞ የማያውቅ ልጅ ዕጣ ፈንታውን በማውስ ሊወስን ነው ማለት ነው። ሆኖም ኮምፒውተሮቹ «እንዳይበላሹ» ተብሎ ክፍላቸው የሚቆለፍባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። አይሲቲ በቃል ይሸመደዳል። ማውስን በጠመኔ ሥሎ የሚያስተምር ባልደረባ አለኝ።

ስለዚህ ለሚመለከታቸው አካላት የምለው ይኼን ነው። ታብሌት ለመግዛት ከመጣደፋችሁ በፊት ለእያንዳንዱ የትምህርት ክፍል አንድ ፕሮጀክተርና አንድ ላፕቶፕ ይኑር። ቪዲዮዎቹና ማሳያዎቹ በፍላሽ ይሰጡን፣ ኔትወርክ አንጠብቅ። በወረዳ ደረጃ አንድ የጥገና ባለሙያ ይመደብ፣ በተቃጠለ ኬብል ምክንያት ዕቃው ዓመቱን ሙሉ መጋዘን አይደር። ርዕሳነ መምህራንም የኮምፒውተር ክፍሉን ቁልፍ ለአይሲቲ መምህሩ ይስጡት። አንዳንዱ ኮምፒውተር ይበላሽ ይሆናል። ይበላሽ፣ ይጠገናል።

የፊዚክስ መምህር
ከደብረ ብርሃን