የነደደው አስታ ነው ወይስ ጫካ?

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በጋው ሲጠና የባሌ ተራሮች የእሳት ዜና መምጣቱ አይቀርም። ዜናው ሁሌም ያው ነው፤ ይህን ያህል ሄክታር ወደመ። ቆይ፣ ምኑ ነው የወደመው?

ባሌ ላደግን ሰዎች በአስታና በጫካ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። አስታ፣ በኦሮምኛ ሳቶ የምንለው የተራራ ቁጥቋጦ፣ ከግንዱ ሥር ድንች የመሰለ እብጠት አለው። ላዩ ቢነድም እብጠቱ አፈር ውስጥ ይተርፋል። አንድ ጊዜ ከጎባ ወደ ሳነቲ አምባ ስንወጣ የተቃጠለ ተዳፋት አቋረጥን። ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ በጥላሸት ጠቆረ። ጎንበስ ብዬ የአንዱን ጉቶ አመድ በእጄ ስጠርገው፣ ዙሪያውን ክብ ሠርቶ አረንጓዴ ቡቃያ ወጥቷል። ሞተ ያልነው አልሞተም።

ከብት አርቢዎች ይህን ከጥንት ያውቁታል። ያረጀ አስታ ጥቅጥቅ ብሎ ከብት አያሳልፍም፤ ቡቃያውን ግን ከብቶቹ ይግጡታል። ሌላም ነገር አለ። ወጣት አስታ እሳት በቀላሉ አይቀበልም። ስለዚህ እዚህም እዚያም የተቃጠለ ቦታ ካለ፣ ትልቁ እሳት እዚያ ሲደርስ ይቆማል። ሁሉም እኩል ካረጀ ግን አንድ ክብሪት ተራራውን ያዳርሰዋል።

አሜሪካኖች የሎውስቶን በሚባለው ፓርካቸው መብረቅ የለኮሰው እሳት እንዲነድ መተው የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ከፓርኩ ሲሶ በላይ እሳት ሲያገኘው አገር ጉድ አለ። ነገር ግን እዚያ ካሉት ጥዶች ብዙዎቹ ፍሬያቸው በሙጫ የታሸገ ነው፤ ሙቀት ሲነካው ይከፈትና ዘሩ ይረግፋል። አመዱ ላይ የበቀለው ያ ነው።

ያ መብረቅ ነው፣ የባሌውን የሚለኩሰው ሰው ነው ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን ተከልክሎም አልቀረም። አንድ አዛውንት እንዳጫወቱኝ፣ ድሮ ለኩሰው ቆመው ይጠብቁ ነበር። ዛሬ ግን እንዳይያዙ ለኩሶ መሮጥ ሆኗል። ጠባቂ የሌለው እሳት ደግሞ የት እንደሚቆም ማን ያውቃል?

እሳት ይለቀቅ እያልኩ አይደለም፤ እንዳትሳሳቱብኝ። ሐረና ሌላ ነገር ነው። የጫካ ቡና ያለበት እርጥብ ደን ነው፤ ዛፎቹ እሳት አልለመዱም። በ1992 ዓ.ም. የባሌና የቦረና ደኖች ሲነዱ ከደቡብ አፍሪካና ከጀርመን ሳይቀር ባለሙያ መጥቶ ነበር። ያ ጥፋት ነው፤ ጥፋት ሊባልም ይገባዋል።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። ደስ ብሎናል። አሁን ደግሞ የፓርኩ ሰዎች ከአገር ሽማግሌ ጋር ተቀምጠው፣ የትኛው አስታ መቼ፣ በማን ጥበቃ እንደሚቃጠል ቢስማሙ ምን አለበት?

ከእናንተ የምንፈልገው ደግሞ ቀላል ነው። ቀጣዩ እሳት ሲነሳ ጋዜጠኛችሁ ከሄክታሩ በፊት አንድ ስካውት፣ የፓርኩን ጠባቂ ማለቴ ነው፣ ፈልጎ ይጠይቅልን፦ የነደደው አስታ ነው ወይስ ሐረና?

አንባቢያችሁ፣ ከባሌ ሮቤ