ስም ይጠራል፣ መዝገቡ ግን አይነበብም

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

የተማሪ መቅረት በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ወዲያው ወደ ቅጣት ይዞራል፤ ልጆቹ ሰነፉ፣ ወላጅ ላላ፣ ደንቡ ይጥበቅ። የሚቀድመው ጥያቄ ግን «የቀረው ማን ነው?» የሚለው ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች መልሱን በእጃቸው ይዘው አያዩትም። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው «የመገኘት መጠን 94 በመቶ» የሚል አማካይ ብቻ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። 40 ተማሪ ያለው ክፍል 20 የትምህርት ቀን ባለው ወር 800 ጊዜ ስም ይጠራበታል። 94 በመቶ ተገኙ ማለት 48 ጊዜ «ቀሪ» ተጽፏል ማለት ነው። 48ቱ ለሁሉም ቢከፋፈል ለአንድ ልጅ አንድ ቀን ከምናምን ይደርሰዋል፤ ጉንፋን ነው ተብሎ ይታለፋል። 6 ልጆች እያንዳንዳቸው 6 ቀን ቀርተው 36ቱን ቢወስዱና የቀረው 12 በሌሎቹ 34 ላይ ቢበተንስ? ቁጥሩ ያው 94 ነው፤ ስድስቱ ግን የወሩን 30 በመቶ አልተማሩም። ከእነሱ ሁለቱ ትምህርታቸውን ቢያቋርጡና ስማቸው ቢሰረዝ ደግሞ፣ የሌሎቹ አቀራረብ ሳይለወጥ፣ በሚቀጥለው ወር አማካዩ ከ95 በመቶ በላይ ይሆናል። ልጅ በጠፋ ቁጥር የሚያምር ቁጥር ለምን እንደሚለጠፍ አይገባንም።

በብዙ አገር የክትትል ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት መስመር 10 በመቶ ነው። ከትምህርት ቀናቱ አንድ አሥረኛውን ያጣ ተማሪ፣ በፈቃድም ይሁን ያለ ፈቃድ፣ ስሙ ለብቻ ይያዛል። 180 ቀን ባለው ዓመት 18 ቀን፣ በወር ሲመነዘር ሁለት ቀን ገደማ ማለት ነው። በወር ሁለት ቀን ማንንም አያስደነግጥም፤ ሳይታወቅ የሚጠራቀመውም ለዚህ ነው። የሐኪም ወረቀት ያመጣ ልጅ ለምን ይቆጠራል የሚሉ አሉ። ወረቀቱ ከቅጣት ያድነዋል እንጂ ያመለጠውን ክፍልፋይ አያስተምረውም።

የስም መጥሪያው ቁልቁል ሲነበብ የሚናገረው ስለ ቀኑ ነው፤ አግድም ሲነበብ ስለ ልጁ። አብዛኛው ሰው ቁልቁል ደምሮ ይዘጋዋል። የክፍሉ ኃላፊ መምህር በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ሰዓት ሰጥቶ አግድም ቢያነብ ቅርጾች ይታዩታል። ሰኞ ሰኞ የሚቀር ልጅ ሰንበቱን የት እንደሚውል ይጠየቅ። ጠዋት ተገኝቶ ከእረፍት በኋላ የሚጠፋው ፎርፌ የለመደ ነው፤ ወላጁ ምንም ላያውቅ ይችላል። የአንድ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ላይ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ችግሩ ያለው እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። በየጥቂት ሳምንቱ ሁለት ሦስት ቀን የሚቀረውን እንደ አስም ያለ ተመላላሽ በሽታ ይዞት እንደሆነ ማየት ያሻል። በጣም የሚያሳዝነው የወንድምና የእህት መዝገብ ጎን ለጎን ሲቀመጥ የሚታየው ነው፦ እሱ ባለበት ቀን እሷ የለችም፣ እሷ ባለችበት እሱ የለም። ሁለቱም ክፍል ውስጥ «አልፎ አልፎ የሚቀር» ተብለው ተመዝግበዋል። ቤት ውስጥ ተራ ገብተው የሚጠብቁት ሕፃን ወይም ሕመምተኛ ሊኖር ይችላል፤ በተራ የሚጫሙት አንድ ጫማ ብቻ ኖሯቸውም ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው መዝገቡ እውነት ሲሆን ነው። ስም የሚጠራው የክፍል አለቃ ከሆነ ለጓደኛው «አለ» ይላል። የሳምንቱ መዝገብ ዓርብ ከሰዓት በትዝታ ከተሞላ ስህተቱ አይቀሬ ነው። ጠዋት አንዴ ብቻ ከተጠራ የከሰዓቱ ፎርፌ ከነጭራሹ የለም። ስለዚህ መምህሩ ራሱ፣ ጠዋትና ከሰዓት፣ ፊት እያየ ይጥራ፤ «ቀሪ»፣ «አርፋጅ» እና «በፈቃድ» የሚሉት ምልክቶችም አይደባለቁ።

ቀጥሎ ምክንያቱ ነው። ክሪስቶፈር ኪርኒና ዌንዲ ሲልቨርማን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያስለመዱት አመዳደብ እስካሁን ይጠቅማል። ልጅ ትምህርት ቤት አልሄድም የሚለው ቦታው ከሚፈጥርበት ጭንቀት ለመሸሽ፣ በሰው ፊት ከመናገር ወይም ከመፈተን ለማምለጥ፣ የወላጁን ትኩረት ለማግኘት፣ አለዚያም ውጭ የሚስበው ነገር ስላለ ነው። የፎራፊው ምክንያት ብዙውን ጊዜ የመጨረሻው ነው፤ ከወላጁም ይደብቃል። የፈራው ልጅ አይደበቅም፤ ቤት ነው፣ እናቱም ታውቃለች። ጠዋት ሆዱን ይቆርጠዋል፣ «እሺ ቅር» ሲባል ይሻለዋል፣ እሑድ ደግሞ ምንም የለበትም። ውሸት አይደለም፤ ጭንቀት በእውነት ሆድ ያማል። አስቀድሞ ሐኪም ይየው፤ በሽታ ካልተገኘ ግን ቤት ማቆየቱ ያባብሰዋል፤ የቀረበት ቀን ሁሉ እፎይታ ስለሚሰጠው ነገም መቅረት ይፈልጋል፣ ያልተጻፈው ደብተርም እየተከመረ የመመለሻውን መንገድ ያረዝማል።

እንዲህ ያለውን ልጅ በጉልበት ጎትቶ ማስገባትም አያዋጣም። በደረጃ ይመለስ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ግርግሩ ካለፈ በኋላ ይግባ፤ በር ላይ አስቀድሞ የተነገረው አንድ የሚያውቀው መምህር ይቀበለው፤ ቤተ መጻሕፍት አንድ ክፍለ ጊዜ ተቀምጦ ይሂድ። ከዚያ የሚወደው ትምህርት ላይ ይግባ፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ አንድ ክፍለ ጊዜ ይጨመርለት። ብዙዎች የሚሳሳቱት ወደኋላ በመመለስ ነው፦ አንድ ቀን ስላለቀሰ ሳምንት እንዲያርፍ ይደረግና ሥራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ከባድ ቀን ሲያጋጥም በደረሰበት ደረጃ ማቆየት እንጂ ዝቅ ማድረግ አይገባም።

የተለመዱት ቅጣቶች ብዙውን ጊዜ መቅረትን ያበዛሉ። 10 ደቂቃ ያረፈደ ልጅ በር ሲዘጋበት የጠፋው 10 ደቂቃ ሙሉ ቀን ይሆናል። ቀረህ ተብሎ የሚታገድ ተማሪ ደግሞ የሸሸውን ነገር እንደ ሽልማት ይቀበላል። «ወላጅ አምጣ» የሚባለውም ያው ነው፤ ወላጁ ከሥራ መቅረት የማይችል ልጅ አንድ ቀን ቀርቶ አራት ቀን ግቢ ውጭ ይቆማል፣ አራቱም ቀን በመዝገብ ላይ የእሱ ጥፋት ሆኖ ይጻፋል። ሽልማቱም ቢሆን እንደሚታሰበው አይደለም። በአሜሪካ ከ15,000 በላይ ተማሪዎች ላይ በተሠራ ጥናት፣ ቀደም ሲል በአንድ ወር ሳይቀሩ በመገኘታቸው ሳይጠብቁ የምስክር ወረቀት የደረሳቸው ልጆች ከዚያ በኋላ ይበልጥ ቀርተዋል። «ከሚጠበቅብኝ በላይ ተገኝቻለሁ» የሚል መልእክት ሳይደርሳቸው አልቀረም።

የሚሠራው ርካሹ ነገር ነው። ልጅ በቀረበት ዕለት ጠዋቱ ሳይጋመስ ወደ ቤት ይደወል፤ «ለምን ቀረ?» ሳይሆን «ዛሬ አላየነውም፣ ደህና ነው?» ይባል። ፎራፊው በዚያው ቀን ይታወቅበታል፣ የታመመውም እንደሚታሰብ ያውቃል። ቁጥሩን ለወላጅ መንገርም ይረዳል። በ2018 (እ.ኤ.አ.) ቶድ ሮጀርስና አቪ ፌለር በፊላደልፊያ ከ28,000 በላይ ቤተሰቦችን ይዘው ባሳተሙት ጥናት፣ ልጃቸው እስካሁን ስንት ቀን እንደቀረ በፖስታ የተነገራቸው ወላጆች ልጆች ዘንድ ሥር የሰደደ መቅረት (ከላይ ያልነውን የአንድ አሥረኛ መስመር ያለፈው) በ10 በመቶና ከዚያ በላይ ቀንሷል። ወላጆች የልጃቸውን ቀሪ ቀናት አሳንሰው ይገምታሉ፤ ደብዳቤው ያረመው ይህን ነው። ሕመም የበዛበት ቦታ ላይ ግን ደብዳቤ ብቻውን አይበቃም። በኬንያ ቡሲያ የአንጀት ትላትል መድኃኒት በጅምላ በተሰጠባቸው ትምህርት ቤቶች መቅረት በሩብ ያህል እንደቀነሰ ኤድዋርድ ሚጌልና ማይክል ክሬመር በ2004 (እ.ኤ.አ.) አሳትመዋል፤ የውጤቱ መጠን በኋላ ቢያከራክርም።

ስለ መመለሻው ቀን አንድ ነገር። ቀርቶ የመጣ ልጅ በር ሲከፍት «የት ጠፍተህ ከረምክ፣ እንግዳ!» ተብሎ ክፍሉ ከሳቀበት ነገ የሚመጣበትን ምክንያት አናውቅም። ያመለጠውን ማስታወሻ በሙሉ ገልብጥ ማለትም ሸክም ነው፤ ዋና ዋናዎቹን ሦስት መልመጃዎች መርጦ፣ አብሮት የሚሠራ አንድ ተማሪ መድቦ መስጠት ይሻላል።

ለእናንተም አንድ ጥያቄ አለን። ስለ ትምህርት ቤቶች ስትዘግቡ «የመገኘት መጠን ስንት ነው?» ትላላችሁ፤ መልሱን ከተቀበላችሁ በኋላ «10 በመቶና ከዚያ በላይ የቀሩት ተማሪዎችስ ስንት ናቸው? ስማቸው የተሰረዘውስ?» ብላችሁ ጨምሩልን።

ከአክብሮት ጋር፣
በተማሪዎች ክትትል ሥራ ላይ ያለን መምህራን