የሕንፃ ቀለም በግድግዳው ላይ ታይቶ ይመረጥ

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የአዲስ አበባ ዋና ዋና ጎዳናዎች ግራጫና ለግራጫ የቀረቡ ቀለሞችን ለብሰዋል። ወጥ መልክ ለጎዳና ውበት እንደሚሰጥ አምናለሁ። ነገር ግን እኔ በምኖርበት በቱሉ ዲምቱና በመሰል የከተማዋ ዳርቻዎች ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤት ወይም የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሲቀባ ቀለሙ ከካታሎግ ብቻ ተመርጦ መታዘዙ ሊቀር ይገባል እላለሁ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የተገልጋዩ ጉዳይ ነው። ግድግዳውም፣ በሩም፣ የደረጃው ጠርዝም በአንድ ዓይነት ግራጫ ሲቀቡ፣ የዓይን ሞራ የጋረዳቸው እናት መግቢያውን በእጃቸው እየዳሰሱ ለመፈለግ ይገደዳሉ። ቀለም የሚመልሰው የብርሃን መጠን ከ0 እስከ 100 በሚደርስ መለኪያ ይገለጻል፤ የእንግሊዝ የሕንፃ ተደራሽነት ደረጃ በበርና በግድግዳ መካከል የ30 ነጥብ ያህል ልዩነት እንዲኖር ይመክራል። ግድግዳው ፈዛዛ ግራጫ ከሆነ በሩን በጥቁር ሰማያዊ ወይም በጥቁር ቡናማ መቀባት ብቻ ይበቃል፤ የጎዳናውንም ወጥነት አያፈርስም።

ሌላው የቦታው ጠባይ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ብርቱ በመሆኑ፣ ብዙዎቹ ደማቅ ቀይና ቢጫ ቀለሞች ቶሎ ይነጣሉ፤ ከብረት ኦክሳይድ የሚሠሩት ሸክላማና ቡናማ ቀለሞች ግን ለዓመታት ይጸናሉ። በክረምት ደግሞ ከጣሪያ የሚወርደው ውኃ የአቃቂን ጥቁር አፈር እያነጠረ በግድግዳው ግርጌ ላይ ስለሚረጨው፣ ነጣ ያለ ቀለም እስከ መሬት ድረስ መቀባት ገንዘብ ማባከን ነው። ግርጌው እስከ ጉልበት ድረስ በድንጋይ ቢለበጥ ወይም በሚታጠብ ጠቆር ያለ ቀለም ቢቀባ ይሻላል።

የንግድ ሕንፃ ባለቤቶች ከማስታወቂያ ሰሌዳቸው ጋር የሚስማማውን መምረጣቸው ተገቢ ነው፤ የሕዝብ ሕንፃ ግን የሁላችንም ስለሆነ የወረዳ አስተዳደሮችን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። የቀለም ግዢ ከመፈጸሙ በፊት የታሰቡት ቀለሞች ፀሐይ በሚመታውና ጥላ በሚያርፍበት የሕንፃው ግድግዳ ላይ አንድ አንድ ካሬ ሜትር ይቀቡ፤ ጠዋት፣ ቀትርና ማታም ይታዩ፤ አረጋውያንና የማየት ችግር ያለባቸው ነዋሪዎችም በቦታው ተገኝተው ሐሳባቸውን እንዲሰጡ ይጋበዙ።

ከአክብሮት ጋር
የሕንፃ ማጠናቀቂያ ሥራ ባለሙያ፣ ከቱሉ ዲምቱ