ቅጠል ስጠብቅ አረጀሁ ላልከኝ አባቴ

አባዬ፣ እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህስ እንዴት ነው? እማዬ ቅባቱ ትንሽ አስታግሶለታል ብላኛለች፣ ተመስገን ነው። እኔ ደህና ነኝ፣ ሥራም ደህና ነው። እናንተ ጋ ክረምቱ ሊገባ ሲያጉረመርም እዚህ ስዊድን ደግሞ በጋው ገና መጀመሩ ነው። ፀሐይዋ አልጠልቅ ብላ እንቅልፍ ትነሳለች።

የወፍ ዋሻን ደን ስትጠብቅ ስለኖርክበት ዕድሜህ ባለፈው ስንደዋወል ያልከኝ ነገር ከሐሳቤ አልወጣም። "ቅጠል ስጠብቅ አረጀሁ፣ አሁን ማን ያስታውሰዋል" አልከኝ። ያን ጊዜ የምመልስልህ አጣሁ፣ ስልኩም ተቆረጠ። አሁን ግን የምነግርህ አለኝ። ረዘም ስለሚል ጻፍኩት። የእህቴ ልጅ ቀስ እያለ ያንብብልህ፣ ከቸኮለ "ድገመው" በለው።

ቅዳሜ ለት ከሥራ ጓደኛዬ ጋር ማታ ጫካ ገብቶ የዱር አራዊት ለማየት የሚደረግ ጉዞ ሄድኩ። አስጎብኚ አለው፣ በሚኒባስ ይወስዱሃል፣ በኋላ ደግሞ በጀልባ። አገሩ በርግስላገን ይባላል፤ ከምኖርባት ከቬስተሮስ ወደ ሰሜን ምዕራብ አንድ ሰዓት ያህል ቢነዳ ነው። ዛሬ ብታየው ጫካ፣ ሐይቅ፣ ደግሞ ጫካ ነው። ድሮ ግን ለመቶዎች ዓመታት ብረት ሲቆፈርበትና ሲቀልጥበት የኖረ አገር ነው፤ ለማቅለጫው የሚሆነው ከሰል ደግሞ ከዚያው ከጫካው ነበር የሚከስለው። አክሳዮቹ እንጨት ይቆልሉበት የነበረው ክብ ቦታ እስካሁን መሬቱ ላይ ይታያል። አስጎብኚው በጫማው ጫፍ አፈሩን ጫር ሲያደርገው ከሥሩ ጥቁር ወጣ። ያኔ አንተ ትዝ አልከኝ። ሌሊት "ጭስ ሸተተኝ" ብለህ ስትነሳ፣ እማዬ "ተው አትሂድ፣ መጥረቢያ ይዘዋል" ስትልህ፣ አንተ ጋቢህን ደርበህ፣ ባትሪህን ይዘህ ስትወጣ። እኔ ተኝቼ እንዳይመስልህ፣ እስክትመለስ ነቅቼ ነበር የምጠብቅህ።

ሚኒባሱ ውስጥ ከጀርመንና ከሆላንድ የመጡ ሰዎች ነበሩ። ይህን ያህል መንገድ አቋርጠው፣ ገንዘብ ከፍለው፣ ጫካ ውስጥ ዝም ብሎ ለመቀመጥ ነው የመጡት። አስጎብኚው ስልሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ብዙ የማያወራ ሰው ነው። ሽቶ አትቀቡ፣ የመኪና በር አታላጉ፣ እጃችሁን ዘርግታችሁ አትጠቁሙ አለን። ከመኪና ስንወርድ አፈር በጣቱ ቆንጥሮ በተነና ነፋሱ በየት በኩል እንደሚሄድ አየ። ከዚያ በነፋሱ አንጻር መራን፣ ሽታችን ወደ አራዊቱ እንዳይሄድ። እኔ ምክንያቱን ማንም ሳይነግረኝ ገብቶኛል፣ አንተ ስላስተማርከኝ። "ነፋሱ ፊትሽን ይምታሽ እንጂ ጀርባሽን አይምታሽ" ትለኝ አልነበር? እዚያ ካሉት ሰዎች መካከል ይህን ቀድሜ የማውቀው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፣ ኮራሁ።

መጀመሪያ ያየነው ኤልክ የሚሉትን ነው። የጫካው ንጉሥ ይሉታል እዚህ። አባዬ፣ ምን ብዬ ልግለጽልህ፣ ወንዱ ትከሻው ላይ ሁለት ሜትር ይደርሳል፣ ክብደቱ ከ400 ኪሎ በላይ ነው፣ እግሩ ረጅም፣ አፍንጫው ትልቅ፣ ወደ ታች የወረደ። እግሩ የረዘመው ክረምት ላይ በጥልቅ በረዶ ውስጥ እንዲራመድበት ነው። የሚገርምህ ቀንዱ ነው። የኛ ድኩላ ቀንዱን ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ይኖራል አይደል? ይሄኛው ግን በየዓመቱ ክረምት ላይ ይጥለውና በጸደይ እንደገና ያበቅላል። አስጎብኚው ጫካ ውስጥ ወድቆ ያገኘውን አንዱን ቀንድ አስያዘን፣ በሁለት እጄ ነው የያዝኩት። በዚህ ወር አዲሱ ቀንድ ገና እያደገ ስለሆነ በለስላሳ ጸጉራም ቆዳ ተሸፍኖ ነው ያለው አለን።

ወንዱን ባናይም እናት ከሁለት ግልገሎቿ ጋር አየን። ግልገሎቹ ቀያይ ናቸው፣ እግራቸው ገና አልጠናም። እናትየው ጆሮዋን አንዱን ወደ እኛ፣ አንዱን ወደ ጫካው አዙራ ቆመች። ዓይኗ ያን ያህል አይደለም፣ በጆሮዋና በአፍንጫዋ ነው የምትኖረው። ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። ቢንቢው ደግሞ እንደ ጉድ ይነክሳል፣ ማንም እጁን አላነሳም። ከዚያ ወዲያ ራቅ ብሎ አንድ ሌላ ቆሞ አየን፣ ያለፈው ዓመት ልጅ ነው። እናትየው አዲስ ልትወልድ ስትል ታባርረዋለች። ለትንሽ ሳምንታት የሚሄድበት ጠፍቶት ይንከራተታል፣ መንገድ ላይም የሚወጡት በብዛት እንዲህ ዓይነቶቹ ናቸው አለን። በዚህ አገር በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ኤልኮች በመኪና ይገጫሉ፣ ለዚህ ነው በትልልቅ መንገዶች ዳር አጥር የሚታጠረው። ልጁን ቆሜ ሳየው ሆዴ ባባ፣ ከአገር የወጣ ሰው እንዴት አይባባም።

አንድ ነገር ግን አስከፍቶኛል፣ አንተም ብታይ ይከፋህ ነበር። ኤልኮቹ የቆሙበት ቦታ ዛፉ ሁሉ አንድ ላይ የተመነጠረ ሜዳ ነው። ጉቶ ብቻ። እዚህ ጫካው አብዛኛው ለእንጨት ተብሎ የሚተከል ነው፣ ሲደርስ ሰፊ ቦታ ባንዴ ይቆርጡታል። የቆረጠ ሰው መልሶ እንዲተካ ሕግ አላቸው፣ በፈረንጅ ከ1903 ጀምሮ። ኤልኮቹም የሚመጡት ለለጋው ቡቃያ ነው። ይህን ሁሉ አስረድቶኛል፣ ገብቶኛልም። ግን አባዬ፣ በመስመር የተተከለ አንድ ዓይነት ዛፍ ወፍ ዋሻ አይሆንም። ጽዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው፣ ከፍ ሲል ኮሶው፣ ከዚያ በላይ አስታው፣ ሁሉም በየደረጃው ተቀምጦ ያደግሁ ሰው ነኝና ልዩነቱን ዓይኔ ያውቀዋል። ያን እንደነበረ እንዲቆይ ያደረጉት ደግሞ እንዳንተ ዓይነት ሰዎች ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣልህ።

ፀሐይ የገባችው ከምሽቱ አራት ሰዓት ከሩብ ካለፈ በኋላ ነው፣ ከገባችም በኋላ ብርሃኑ አይጠፋም። ያን ጊዜ በጀልባ ሐይቁ ላይ ወጣን። ቢቨር የሚባል እንስሳ ፍለጋ ነው። ጃርት የሚያክል፣ ውኃ ውስጥ የሚኖር የአይጥ ወገን አድርገህ አስበው፣ 20 ኪሎና ከዚያም በላይ ይመዝናል። ጅራቱ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፣ ጸጉር የለውም። ጥርሱ ብርቱካናማ ነው፣ ውስጡ ብረት ስላለ ነው አሉ፣ ዕድሜውን ሙሉ ያድጋል። በዚህ ጥርሱ የቆመ ዛፍ ገዝግዞ ይጥላል። ወድቆ ያየሁት ዛፍ በእጄ የማልሸፍነው ነበር፣ ጉቶው እንደ እርሳስ ተቀርጿል። ቅርፊቱን ይበላል፣ ቅርንጫፉን ከጭቃ ጋር አድርጎ ቤት ይሠራበታል፣ ወንዝም ይገድብበታል። የቤቱ በር ከውኃ በታች ነው። ውኃው ከቀነሰ በሩ ስለሚገለጥ ነው የሚገድበው። ከገደበ በኋላ ረግረግ ይፈጠራል፣ እንቁራሪቱ ይመጣል፣ ዳክዬው ይመጣል፣ ድርቅ ሲሆንም እዚያ ውኃ አይጠፋም። ሁሉም ሰው ይወደዋል ማለት አይደለም፤ እርሻው በውኃ የተበላሸበት ገበሬ ፈቃድ አውጥቶ ግድቡን ሊያፈርስ ይችላል።

ሞተሩን አጥፍተን ስንጠብቅ አንዱ ራሱን ብቅ አድርጎ ወደ እኛ ዋኘ። በጣም ቀረበ። ቅርፊቱን ሲያላምጥ ድምፁ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ጠረናችን ሳይደርሰው አልቀረም፣ በጅራቱ ውኃውን ጧ! አድርጎ መታና ጠለቀ። እንዲያ የሚያደርገው ለቤተሰቡ አደጋ አለ ብሎ ለመንገር ነው። ከጓደኛው ጋር ከተጣመረ አብዛኛውን ጊዜ እስኪሞቱ አይለያዩም፣ ልጆቹም ሁለት ዓመት ያህል አብረው ይኖራሉ።

እንግዲህ ስማኝ አባዬ። ይህ እንስሳ በዚህ አገር ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። ለቆዳው፣ ለሥጋው፣ ከጅራቱ ሥር ለሚወጣው ለመድኃኒትና ለሽቶ ለሚሆን ፈሳሽ ሲሉ አድነው ጨረሱት። የመጨረሻው የተገደለው በ1871 አካባቢ ነው ይላሉ። እንዳይታደን ሕግ ያወጡት በ1873 ነው፣ የሚጠበቅ አንድም ሳይቀር። ከዚያ አምሳ ዓመት ያህል ቢቨር የሚባል የለም። ጎረቤታቸው ኖርዌይ በደቡብ በኩል ጥቂት ተርፈውላት ነበር፣ ቀደም ብላ ስለከለከለች። ኤሪክ ፌስቲን የተባለ የሙዚየም ሰው ገንዘብ አሰባስቦ፣ በ1922 ከኖርዌይ አንድ ጥንድ አስመጥቶ ወደ ሰሜኑ የየምትላንድ ግዛት አስለቀቀ። እስከ 1939 ድረስ በየቦታው ሰማንያ የሚያህሉ ተለቀቁ። ዛሬ ከመቶ ሺህ በላይ ናቸው። እኔ ያየሁትም የነዚያ ዘር ነው።

አስጎብኚው ይህን ሲያወራን ጀልባው ላይ እንባዬ መጣ። ጓደኛዬ "ምን ሆንሽ" አለችኝና የአንተን የዘርዓ ያዕቆብ ታሪክ ነገርኳት። ንጉሡ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መናገሻ ላይ ደኑ ማለቁን አይቶ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥቶ አስተከለ፣ የሱባ ደን ከዚያ የመጣ ነው ይባላል ብዬ። አንተ ስንት ጊዜ ነግረኸናል። አስጎብኚውም ሰማኝና ዞር ብሎ ጠየቀኝ፣ ዛፉ ምን ዓይነት ነው፣ ስንት ሜትር ያድጋል፣ አሁንም አለ ወይ አለኝ። "አባቴ እኮ ዘሩ የተወሰደበትን ደን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው" አልኩት። ኮፍያውን አወለቀ፣ አባዬ። እውነቴን ነው የምልህ፣ ኮፍያውን አውልቆ "አባትሽን ሰላም በይልኝ" አለኝ። አድርሻለሁ።

አየህ፣ አምጣ ቢባል የሚመጣበት ቦታ ስላለ ነው የሚመጣው። ኖርዌይ ላይ ጥቂቶቹን ያስተረፉት ሰዎች መቶ ሺህ አላዩም። ምናልባት እነሱም በየቤታቸው ምን ሠራሁ ብለው ተክዘው ይሆናል። አንተ ያስተረፍከው ጽድ አለ፣ ጉሬዛው አለ፣ ምንጩም አልደረቀም፣ ከዚያ ምንጭ የሚጠጣ ሰውም አለ። ያመለጠህ ዛፍ ብዙ ነው፣ አውቃለሁ፣ እሱን ነው ማታ ማታ የምትቆጥረው። እባክህ የቆመውንም ቁጠረው።

ተኩላም አላቸው፣ አላየንም። እሱም በ1960ዎቹ ጠፍቶ ነበር ማለት ይቻላል፣ በ1983 እንደገና ወለደ። የዛሬዎቹ ጥቂት መቶዎች ከሞላ ጎደል ከሦስት ተኩላዎች የመጡ ስለሆኑ የዘር መቀራረብ ያሠጋቸዋል። የጓሳውን ቀይ ቀበሮ አስታወሰኝ፣ የእሱም ቁጥር በመላ አገሪቱ ወደ 500 ገደማ ብቻ ነው። የመንዝ ሰዎች ቄሮ በሚሉት የጋራ መሬት መጠበቂያ ሥርዓታቸው ጓሳውን ባይጠብቁት ኖሮ ምን ይቀር ነበር?

አንድ ሌላ ነገር ደስ ስለሚልህ ልንገርህ። እዚህ ማንም ሰው፣ እኔም ጭምር፣ የማንም ጫካ ቢሆን ገብቼ መሄድ፣ እንጆሪና እንጉዳይ መልቀም እችላለሁ። የቆመ ዛፍ መቁረጥ ግን አይቻልም፣ ቅርንጫፍም ቢሆን። ሰው ስለሚገባበት የራሱ አድርጎ ያየዋል። አንተም እረኞቹን ከማባረር ይልቅ ቁጭ ብለህ የዛፉን ስም የምታስተምራቸው ለዚህ ነበር መሰለኝ፣ አለቆችህ ባይወዱልህም።

አሁን ልመናዬን ስማ። በነሐሴ የሚመጣ ሰው አለ፣ ድምፅ ጥሩ አድርጎ የሚቀዳ ስልክ እልክልሃለሁ። ጉልበትህ እስከፈቀደልህ ድረስ፣ ወደ ላይ አትውጣ፣ ከታች ከመንገዱ ዳር ሆነህ ለልጁ ንገረው። የትኛው ምንጭ በየት ነው፣ ድኩላው በስንት ሰዓት ይወርዳል፣ ነብሩን ያየህበት ገደል የቱ ነው፣ ትልቁ ዝግባ ማን የሚሉት ሰው ሊቆርጠው ሲል ነው ያስጣልከው። ረጅም ቢሆን ችግር የለም፣ በቴሌግራም ቆራርጦ ይላክልኝ። እኔ እጽፈዋለሁ። ሥራ የምሠራው ከአረጋውያን ጋር ስለሆነ አውቀዋለሁ፣ የሰው ወሬ ካልተያዘ አብሮት ነው የሚሄደው፣ የአንተ እንዲሄድብኝ አልፈልግም።

ዓይንህን ለመታየት ደብረ ብርሃን የምትሄድበትን ቀን አስታውቁኝ፣ የመኪናውን እልካለሁ። ቀጠሮውን ደግሞ እንዳታሳልፍ፣ አደራ። እማዬን ሳምልኝ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ እደውላለሁ።

ልጅህ